«ራን» ማለት ሮጠ ብቻ መስሎኝ

የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ ባለች ትንሽ የትርጉም ቤት ውስጥ ነው። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ማኅተም አለን። የልደት ካርድ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ውክልና፣ የኪራይ ውል፤ ቀኑን ሙሉ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንተረጉማለን።

በጀመርኩ በሦስተኛው ወር አንዲት እናት መጡ። ቤታቸውን ለውጭ ዜጋ ሊያከራዩ ነው። ውሉ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ውስጡ «ራኒንግ ዋተር» የሚል አለ። እኔም «አከራይዋ በቤቱ ወራጅ ውሃ መኖሩን ያረጋግጣሉ» ብዬ ጻፍኩና ሰጠኋቸው።

በማግስቱ ተመልሰው መጡ። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉትና ጣታቸውን እዚያችው መስመር ላይ አሳረፉ።

«ልጄ፣ ይኼ ምንድን ነው? እኔ ግቢ የት አለ ወንዝ? በሌለኝ ነገር ላይ ልፈርም ነው?»

እውነታቸውን ነው። «የቧንቧ ውሃ» ነበር መባል ያለበት። ይቅርታ ጠይቄ እዚያው አስተካከልኩት። ግን የውልና ማስረጃ ወረፋቸው አልፏቸው ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሰው ወረቀቱን አምኖ ሲሰጠን ቤቱን ነው የሚሰጠን።

«ራን» (run) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ራን ማለት ሮጠ» ተብሎ ተጽፎልናል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ታላቁ ሩጫ ላይም «ግሬት ኢትዮጵያን ራን» ተብሎ በየዓመቱ በስንቱ ካናቴራ ላይ እናነበዋለን። ችግሬም ይኸው ነበር። የማላውቀው ቃል ቢሆን መዝገበ ቃላት አየው ነበር። የማውቀው ስለመሰለኝ አለፍኩት።

የቤታችን አንጋፋ ተርጓሚ ጋሼ አልተቆጡኝም። መነጽራቸውን አውልቀው «መጀመሪያ ማነው የሚሮጠው ብለሽ ጠይቂ» አሉኝ። ያን ቀን ብዙም አልገባኝም።

ከሥራ ስወጣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት መግባት ጀመርኩ። እዚያው አራት ኪሎ ስለሆነ በእግር ነው። የኦክስፎርድ ትልቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ይህን አንድ ግሥ ለ645 ትርጉም እንደከፈሉት ያነበብኩት በዚያ ሰሞን ነው። 645! አንድ ባለሙያ ለዚህች አንዲት ቃል ብቻ ወራት ፈጅቶባታል። ደነገጥኩ፤ ግን ደስም አለኝ። ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም።

መጀመሪያ በሽምደዳ ሞከርኩ። ደብተር ላይ «ሮጠ፣ ፈሰሰ፣ መራ፣ ሠራ፣ ተወዳደረ…» እያልኩ ደረደርኩ። ሳምንት ሳይሞላው ጠፋብኝ። ቃሉ ብቻውን ሲቆም ትርጉም የለውም። የጋሼ ነገር ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ደብተሩን ገልብጬ በሌላ መንገድ ጀመርኩ፤ በሚሮጠው ነገር።

ፈሳሽ ሲሆን ይፈሳል። አፍንጫ «ራን» ሲያደርግ ንፍጥ ነው። የልብስ ቀለም «ራን» ሲያደርግ ግን «ፈሰሰ» አንልም፣ «ለቀቀ» ነው የምንለው። ማሽን ሲሆን ይሠራል፤ ሞተሩ ተነሥቷል ማለት ነው። አውቶቡስ ሲሆን በዚያ መስመር ይመላለሳል። ውል ሲሆን ይጸናል፤ «ለ3 ዓመት የጸና ይሆናል» እንላለን። ሰው ሆኖ ከኋላው ሱቅ ወይም ድርጅት ከመጣ ያስተዳድራል። ሰው ሆኖ ከኋላው ምርጫ ከመጣ ደግሞ ይወዳደራል። እዚህ ላይ የገረመኝ፣ አሜሪካኖች ለምርጫ «ራን» ሲሉ እንግሊዞች «ስታንድ» ማለታቸው ነው። አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ይቆማል። ሁለቱም ያው እጩ ናቸው።

ከኋላ የምትለጠፈዋን ትንሽ ቃልም መናቅ የለብንም። «ራን አውት» ስኳር ሲያልቅ ነው። «ራን ኢንቱ» ሳናስብ መንገድ ላይ ሰው ስናገኝ። «ራን ኦቨር» ሲሆን ደግሞ መኪና ሰው ዳጠ ማለት ነው። የፖሊስ ሪፖርት የሚተረጉም ሰው እነዚህን ሁለቱን ካምታታ ጉድ ይፈላል።

ሌላው የጠቀመኝ ነገር መተካት ነው። ወደ አማርኛ ከመሮጤ በፊት እዚያው እንግሊዝኛው ውስጥ ተመሳሳይ ቃል እፈልግለታለሁ። ሱቅ ከሆነ «ማኔጅ» ይገባል? ይገባል። ወንዝ ከሆነ «ፍሎው» ይገባል? ይገባል። ማሽን ከሆነ «ኦፐሬት»። የተተካው ቃል ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ካልተስማማ ትርጉሙን ስቻለሁ ማለት ነው። ነገር ግን ተመሳሳይ ቃላት መንታ አይደሉም። ወንዝ «ፍሎው» ያደርጋል፤ አፍንጫ ግን «ራን» እንጂ «ፍሎው» ሲያደርግ አይሰማም። ስለዚህ ተመሳሳዩን ለማጣሪያ እንጂ ለመልስ አልወስደውም።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የራሳችንን ቋንቋ እንደገና ማየቴን ነው። አንድ ቀን «ራኒንግ ኮስት» የሚል ገጠመኝ። ጋሼ ቀና ሳይሉ «ሥራ ማስኬጃ» አሉ። ዝም ብዬ ቃሏን አየኋት። ማስኬጃ! እንግሊዝኛ የሚያስሮጠውን እኛ እናስኬደዋለን። ስብሰባ ይካሄዳል። «ሥራ እንዴት ነው?» ሲሉን «ይሄዳል» እንላለን። የቆመ መኪና «አይሄድም» ይባላል። ይህን ሁሉ በቀን መቶ ጊዜ እንናገራለን፤ አንድ ቀን እንኳ እግር ያለው ነገር በዓይናችን አይመጣም። እንግሊዞቹም «ራን» ሲሉ እንዲሁ ነው። ይህን ካየሁ በኋላ ያ 645 ያስፈራኝ ቀረ።

በቅርቡ አንድ ተማሪ የኢኮኖሚክስ ጽሑፍ ይዞ መጣ። «ኤ ራን ኦን ዘ ባንክ» ይላል። እሱ «ወደ ባንክ ሩጫ» ብሎ ጀምሮታል። ማነው የሚሮጠው አልኩት። «አስቀማጮቹ» አለ። ለምን ይሮጣሉ? ወረቀቱን መልሶ አነበበው። «ባንኩ ይከስራል ብለው ፈርተው ገንዘባቸውን ሊያወጡ።» በቃ እሱን ጻፈው አልኩት። «አስቀማጮች ገንዘባቸውን ለማውጣት በአንድ ጊዜ ባንኩን ሲያጨናንቁ» ብሎ ጻፈ። ረዘመ፣ ግን ማንም ያነበበው ይገባዋል። አማርኛው አንድ ቃል ከሌለው በዓረፍተ ነገር መግለጽ ነውር የለውም።

አሁን ደብተሬ «ጌት» (get) የሚለው ግሥ ላይ ደርሷል። እስከ ትናንት 41 ትርጉም አግኝቻለሁ። አርባ አንደኛዋ «አይ ጌት ኢት» ናት። እነሱ ነገሩን ያገኙታል፤ እኛ ጋ ግን ነገሩ ራሱ ነው ወደ ሰው የሚገባው፤ «ገባኝ» እንላለን። ለጋሼ ሳሳያቸው እስክሪብቶዬን ተቀብለው ከሥሯ «ገባሽ?» ብለው ጻፉባት።