ከጣውላው ወለል ሥር የተደፈኑት መተንፈሻዎች

ከጦሳ ተራራ ግርጌ ያለ አንድ የቆየ የጭቃ ቤት እንድጠግን የተጠራሁት በኅዳር፣ የደሴ ብርድ መበርታት በሚጀምርበት ወቅት ነበር። ባለቤቱ ሀጂ፣ ነፋስ ያስገባሉ ብለው የጠረጠሯቸውን ከጣውላው ወለል በታች ያሉ የመሠረቱን ቀዳዳዎች በሲሚንቶ አስደፍነው ነበር፤ ብርዱ ግን አልቀነሰም፣ ክረምቱ ሲያልፍም ሳሎኑ ሻጋታ ሻጋታ መሽተት ጀመረ። አንድ ጣውላ ነቅለን ስናይ ጣውላውን ከሥር የተሸከመው አግዳሚ እንጨት፣ ሞራሌው፣ ጠቁሯል፤ ምስማር ብሰካበት ያለ መዶሻ ዘለቀ። እነዚያ ቀዳዳዎች የመሬቱ እርጥበት የሚወጣባቸው መተንፈሻዎች ስለሆኑ መልሰን ከፈትናቸው፤ አይጥ እንዳይገባም ወንፊት ሽቦ መታንባቸው።

የነፋሱን መግቢያ ያገኘነው በቡና ዕጣን ነው። መስኮቱን ዘግተን ማጨሻውን በዞኮሎው (በግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን በተመታው ጠባብ ጣውላ) ሥር ቀስ እያልን ስናዞረው፣ ቀጥ ብሎ ይወጣ የነበረው ጭስ ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ ወደ ክፍሉ ውስጥ ታጠፈ። ዞኮሎውን ስንነቅለው ከጀርባው ልስኑ ተራግፎ የውጭው ብርሃን ይታያል። በጭድ የተቦካ ጭቃ ለስነን፣ በደንብ ከደረቀ በኋላ ዞኮሎውን መልሰን መታን፤ በእርሱና በወለሉ መካከል የቀረውን ሰፊ ክፍተት በቃጫ ገመድ ሞልተን፣ ከላዩ ቀለም የሚቀበል አክሪሊክ ማሸጊያ ቀባንበት። ሲሊኮን ያልመረጥሁት ዞኮሎው ቀለም የሚቀባ ስለነበረ ነው።

ረዳቴ በጣውላዎቹ መካከል ያለውንም ስንጥቅ ሰጋቱራና ኮላ ለውሶ ሊደፍነው ፈልጎ ነበር፤ እኔ ግን ከለከልሁት። እንጨት በበጋ ወደ ጎኑ ይሸማቀቃል፣ በክረምት እርጥበት ስቦ ያብጣል፤ ድንጋይ ሆኖ የደረቀ ሙሌት ወይ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል፣ ወይ ጣውላውን ገፍቶ ያስነሳዋል። እዚያም ቢሆን ገመድ ይሻላል።

ከሁሉ ያሳሰበኝ በሳሎኑ ጥግ የነበረው የከሰል ምድጃ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው፣ ነፋስ በማይገባበት ክፍል የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። «ሀጂ፣ ከእንግዲህ ከሰል እዚህ ቤት ውስጥ እንዳይነድ» ብላቸው፣ «እስከ ዛሬ ያኖረን ያ የረገምነው ነፋስ ነዋ!» ብለው ሳቁ፤ ምድጃውንም በዚያው ቅጽበት ወደ በረንዳ አስወጡት።