ሥዕሉን ሸፍኖ ማንበብ፦ ከዶን ኪኾቴ ጋር የያዝኩት የንድፍ ደብተር

የብዕር ንድፍ ለምትለማመዱና ወፍራም መጻሕፍትን ለምትደፍሩ ጓደኞቼ፣ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። በእጄ ያለው ዶን ኪኾቴ፣ የፈረሰኞችን ታሪክ አብዝቶ ከማንበቡ የተነሳ ራሱን ፈረሰኛ አድርጎ ስለሚዘምት የገጠር ባላባት የተጻፈው ልብ ወለድ፣ በዘመናችን እንደ አዲስ ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰና በጥቁር ቀለም ሥዕሎች የታጀበ ጥራዝ ነው። ስፔናዊው ደራሲ ሚጌል ዴ ሴርቫንቴስ የመጀመሪያውን ክፍል በ1605፣ ሁለተኛውን በ1615 እ.ኤ.አ. ማድሪድ ላይ አሳተመ፤ አንደኛው 52፣ ሁለተኛው 74 ምዕራፎች አሉት። ትርጉሙ ያለ እንቅፋት ይነበባል፣ ቀልዱም ቀልድ ሆኖ ይደርሳል። እኔ የማወራችሁ ግን ይበልጡን ስለ ሥዕሎቹ ነው።

የያዝኩት ደንብ አንድ ነው። ሥዕል ያለበትን ገጽ በወረቀት እሸፍነዋለሁ፤ ምዕራፉን አነባለሁ፤ ጽሑፉ የሰጠኝን ብቻ ይዤ በደብተሬ ላይ የራሴን ንድፍ እሠራለሁ፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱን አነሳለሁ። እንዲህ የማደርገው ይህን መጽሐፍ ከፍቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ሁለቱን ሰዎች ስለሚያውቃቸው ነው። ቀጭን ሽማግሌ በከሲታ ፈረስ፣ ድብልብል አጭር ሰው በአህያ። ይህን ምስል በዋናነት የሰጠን ፈረንሳዊው ጉስታቭ ዶሬ ነው፤ በ1863 ለታተመው የፈረንሳይኛ ትርጉም ከ300 በላይ ሥዕሎችን ሠራ። ከእሱ በኋላ የመጡት ሁሉ፣ ፒካሶም በ1955 በጥቂት ጥቁር መስመሮች ባስቀመጣት ሥዕሉ፣ ያንኑ ጥላ ይዘው የሄዱ ይመስለኛል። እኔ ደግሞ ደራሲው ራሱ ምን እንዳለ ማየት ፈለግሁ።

ከመጀመሪያው ምዕራፍ ልጀምር። ጽሑፉ ስለ ዶን ኪኾቴ መልክ የሚለው ከምንገምተው በጣም ያነሰ ነው። ዕድሜው ወደ ሃምሳ ተጠግቷል፤ ሰውነቱ ጠንካራ፣ ሥጋው የደረቀ፣ ፊቱ የከሳ ነው፤ ማልዶ ይነሳል፤ አደን ይወድዳል። በቃ። «ጠንካራ» የምትለዋ ቃል ግን በሥዕሎቹ ውስጥ የለችም። ሠዓሊዎቹ ነፋስ የሚጥለው መናኝ አድርገውታል። እኔ የሣልኩት ዶን ኪኾቴ ትከሻው ሰፊ፣ የእጁ አጥንት ወፍራም የሆነ የገጠር ባላባት ነው፤ አደን የለመደ ሰው እንደዚያ መሆን አለበት። በኋላ በየመንገዱ የሚወርድበትን ዱላ ስታነቡ፣ እንዲህ ያለ ሰውነት ባይኖረው ኖሮ ታሪኩ በአምስተኛው ምዕራፍ ያልቅ እንደነበር ትረዳላችሁ።

በዚያው ምዕራፍ ለንድፍ የሚመች ግሩም ነገር አለ፤ የራስ ቁሩ። ከቅድመ አያቶቹ የወረሰው የጦር ልብስ ዝጎና ሻግቶ ከቆየበት ጥግ ሲወጣ፣ የራስ ቁሩ ፊት መሸፈኛ የለውም። በካርቶን ይሠራለታል። ጥንካሬውን ለመፈተን በሰይፍ ይመታዋል፤ የአንድ ሳምንት ሥራው በመጀመሪያው ምት ይፈርሳል። ሁለተኛውን ከውስጥ በብረት ያጠናክረዋል፤ ይኼኛውን ግን እንደገና ሊፈትነው አይፈልግም፤ ጥሩ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ሴርቫንቴስ ስለ ሰውየው አእምሮ ብዙ ከማውራት ይልቅ ይህችን ድርጊት አሳይቶን ያልፋል። ካርቶንን ከብረት ጋር በአንድ ገጽ ላይ በብዕር መለየት ደግሞ የፈለጋችሁትን ያህል የሚያለማምድ ሥራ ነው፤ ለካርቶኑ ሻካራና የተቆራረጠ መስመር፣ ለብረቱ ረጅምና ያልተቋረጠ፣ ከዚያም ነጭ ሆኖ የሚቀር ስለታም ብልጭታ።

ስምንተኛው ምዕራፍ ዶን ኪኾቴ ግዙፍ ሰዎች መስለውት የሚገጥማቸው የነፋስ ወፍጮዎች ነው። ብዙ አልቆይበትም፤ ከመላው መጽሐፍ በብዛት የተሣለው እሱ ስለሆነ። ለመሣል የምትፈልጉ ካላችሁ ግን ታሪኩ የሚጀምርባትን የስፔኗን የላ ማንቻን ወፍጮ ፎቶግራፍ ፈልጉ፤ በካምፖ ዴ ክሪፕታናና በኮንሱዌግራ ኮረብታዎች ላይ እስካሁን የቆሙ አሉ። በኖራ ነጭ የሆነ ክብ ግንብ፣ በላዩ ሾጣጣ ጣሪያ፣ ከጣሪያው ከኋላ ወደ መሬት የሚወርድ ረጅም ግንድ። ያ ግንድ ጣሪያውን ከነክንፎቹ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ የሚያዞሩበት ነው፤ ካልሣላችሁት ወፍጮው የሚሠራ አይመስልም። ክንፎቹም ሸራ የሚለብሱ የእንጨት መረቦች ናቸው፤ እነዚያ መረቦች ጥላቸውን በነጩ ግንብ ላይ ሲጥሉ ግማሹን ሥራ ይሠሩላችኋል።

አሁን ወደምወደው ምዕራፍ፣ ወደ ዘጠነኛው ልግባ። ስምንተኛው ምዕራፍ ዶን ኪኾቴና አንድ የባስክ ሰው ሰይፍ እንደመዘዙ ይቋረጣል። ተራኪው «ቀሪውን ታሪክ አጣሁት» ይለናል። ከዚያ አንድ ቀን በቶሌዶ ከተማ፣ አልካና በሚባለው ገበያ፣ አንድ ልጅ አሮጌ ደብተሮችን ለሐር ነጋዴ ሊሸጥ ሲመጣ ያያል። ጽሑፉ ዓረብኛ ነው። የሚያነብለት ሞሪስኮ፣ ማለትም ከሙስሊም ቤተሰብ የሆነ ክርስቲያን፣ ያገኛል። ደብተሮቹ ሲዴ ሃሜቴ ቤነንጌሊ የተባለ ዓረብ የጻፈው የዶን ኪኾቴ ታሪክ ሆነው ይገኛሉ! ተራኪው ሰውየውን ቤቱ አስቀምጦ ያስተረጉመዋል፤ ክፍያውም ሁለት አሮባ ዘቢብ፣ ወደ 23 ኪሎ ግራም ገደማ፣ እንዲሁም ሁለት ፋኔጋ (የድሮ የስፔን የእህል መስፈሪያ) ስንዴ ነው። ሥራው ከአንድ ወር ተኩል ብዙም ሳይበልጥ ያልቃል። እንግዲህ እኔ የማነበው ትርጉም፣ በልብ ወለዱ ስሌት፣ የትርጉም ትርጉም ነው ማለት ነው። በዘቢብ ስለተከፈለው ባለሙያ የሚጨነቅ አንባቢ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ እኔ ግን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ዘቢቡን እየቆረጠመ ሲጽፍ ሣልኩት። በደብተሬ ውስጥ ካሉት የምወደው ንድፍ እሱ ነው።

ከዚያ የሚመጣው ነው ያስደነገጠኝ። በዓረብኛው ደብተር ውስጥ ሥዕል አለ። የሁለቱ ሰዎች ፍልሚያ ተሥሏል፤ አንዱ በጋሻ፣ ሌላው በትራስ ራሱን ይከላከላል። የባስኩ ሰው በቅሎ፣ ከሩቅ ሲያዩዋት የኪራይ መሆኗ የሚታወቅ ሆና ተሥላለች። የዶን ኪኾቴ ፈረስ ሮሲናንቴ ረዝሞ፣ ከስቶ፣ አከርካሪው ገጦ ይታያል። ጋሻ ጃግሬው ሳንቾ ፓንሳም የአህያውን ልጓም ይዞ ቆሟል፤ ሆዱ ትልቅ፣ ቁመናው አጭር፣ ቅልጥሙ ረጅም! ማለትም መጽሐፉ የራሱን የመጀመሪያ ሥዕል በውስጡ ይዞ ነው የተወለደው፤ በዚያ ሥዕል ውስጥ ደግሞ ሳንቾ ረጅም እግር አለው። ወረቀቱን አንስቼ አየሁ፤ የእኔ ጥራዝ ሠዓሊ አጭር እግር ሰጥቶታል። ዶሬም እንደዚያው። ሆዱን ሁሉም አንብበዋል፤ እግሩን ያነበበ ግን እምብዛም የለም። እስኪ ሞክሩት፦ ትልቅ ሆድ፣ አጭር ወገብ፣ ረጅም ቀጭን እግር። አህያ ላይ ሲቀመጥ እግሩ መሬት ሊነካ ይደርሳል። ከቦርጫሙ ሰው ይልቅ ይኼኛው ያስቃል፤ አስቂኝነቱም ሌላ ዓይነት ነው።

ዶሬን መቅዳት ለምትፈልጉ አንድ የሙያ ነገር ልበል። ሥዕሎቹ በብዕር የተሠሩ አይደሉም። ዶሬ በእንጨት ላይ ይሥላል፤ ቀራጮቹ፣ ዋናው ኤሊዮዶር ፒዛን፣ እንጨቱን በስለታም መሣሪያ እየፋቁ ለህትመት ያዘጋጁታል። የተፋቀው ቦታ ቀለም ስለማይነካው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በዶሬ ሥዕል ውስጥ የቀራጩ እጅ የሄደበት መስመር ብዙ ጊዜ ነጩ እንጂ ጥቁሩ አይደለም። በጥቁር ብዕር ያንን ጥላ ለመከተል ስትነሱ ሥራውን ገልብጣችሁ እየሠራችሁ ነው፤ ገጹም ቶሎ ይጨልማል። የተሻለው መንገድ ብርሃኑ የት እንደወደቀ በእርሳስ ከብቦ መነሳትና ያንን ቦታ እስከ መጨረሻው አለመንካት ነው። ወይም ጥቁር ወረቀትና ነጭ ቀለም መያዝ። ሁለተኛውን ሞክሬ በጣም ደስ ብሎኛል፤ የሌሊት ትዕይንቶቹ በተለይ ይወጡለታል።

ሠዓሊን የሚያስጨንቅ ሌላ ነገር የሳንቾ አህያ ነው። በመጀመሪያው እትም አህያው ሳይነገረን ይጠፋል፣ ሳይነገረንም ይመለሳል። በዚያው በ1605 በወጣው ሁለተኛ እትም የስርቆቱ ታሪክ በ23ኛው ምዕራፍ ገባ፤ ሆኖም ከተሰረቀ በኋላም ሳንቾ በአህያው ላይ ተቀምጦ የሚታይባቸው መስመሮች ቀሩ። ሴርቫንቴስ ይህን በሁለተኛው ክፍል የቀልድ መሣሪያ አደረገው፤ ሳንቾ ሲጠየቅ «ወይ ጸሐፊው ተሳስቷል፣ ወይ አታሚው ተዘናግቷል» ብሎ ይገላገላል። እኔ በእነዚያ ምዕራፎች አህያውን በእርሳስ ብቻ ሥዬ ቀለም ሳላለብሰው ትቼዋለሁ።

አሁን ደግሞ እኛን በቀጥታ የሚነካን ምዕራፍ። ኢትዮጵያ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አለች። ገና በመቅድሙ የደራሲው ወዳጅ፣ ለመጽሐፉ ማድመቂያ ግጥም ካጣህ ራስህ ጻፍና አውሮፓውያን የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው ይሉት የነበረው የካህኑ ንጉሥ የዮሐንስ ናቸው በል ብሎ ይመክረዋል። በ18ኛው ምዕራፍ ዶን ኪኾቴ የበግ መንጋ ሠራዊት መስሎት ሕዝቦችን ሲዘረዝር ኢትዮጵያውያንን ከንፈራቸው የተበሳ ብሎ ይጠራቸዋል። ዋናው ግን 29ኛው ምዕራፍ ነው። ዶን ኪኾቴን ወደ ቤቱ ለመመለስ ዶሮቴያ የተባለች የአንዳሉሲያ ልጅ ሚኮሚኮና የተባለች ንግሥት ሆና ትቀርባለች፤ ሳንቾም ለጌታው «የኢትዮጵያ የታላቁ የሚኮሚኮን መንግሥት ንግሥት ናት» ብሎ ያበሥረዋል። ጌታው ግዛቱን ሲያስመልስላት ለሳንቾም ሹመት ይደርሰዋል። ሳንቾ ጥቂት ያዝናል፤ የሚሾምባቸው ሰዎች ጥቁሮች ሊሆኑ ነው። ወዲያው ግን መላ ያገኛል፤ ወደ ስፔን ጭኖ ማምጣትና መሸጥ! ጥቁር ቢሆኑም ነጭና ቢጫ አደርጋቸዋለሁ ይላል፤ ብርና ወርቅ ማለቱ ነው። ያኔ ሴቪያ ትልቅ የባሪያ ገበያ ነበረባት፤ ሐሳቡን የአገሬው አንባቢ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር።

ይህን ገጽ ሳነብ የምወደው ሳንቾ፣ ያ ረጅም እግር ያለው የዋህ ጋሻ ጃግሬ፣ ከእጄ ወጣ። መጽሐፉን ዘግቼ ወጣ ብዬ ነበር የተመለስኩት። ሴርቫንቴስ ራሱ በ1575 በባሕር ላይ ተማርኮ አልጄርስ ውስጥ አምስት ዓመት ግዞተኛ የነበረ፣ በ1580 በሥላሴ ማኅበር መነኮሳት በገንዘብ የተዋጀ ሰው ነው። በሰው ላይ ዋጋ ሲቆረጥ ምን እንደሚመስል ያውቃል። በሳንቾ አፍ ይህን ሒሳብ ያስቀመጠው እንዲሳቅበት ነው ወይስ እንዲቀፈን? እኔ ሁለቱም ይመስለኛል፤ ቀልዱ ግን ለሁሉም አንባቢ እኩል አይወርድም። ወረቀቱን ሳነሳ ሥዕሉ ያሳየኝ በበቅሎ ላይ የተቀመጠች ቆንጆ ልጅና ፊት ለፊቷ የተንበረከከ ፈረሰኛ ነው። የሳንቾ ሒሳብ በሥዕሉ ውስጥ የለም። እኔ ሳንቾን በጣቶቹ ሲቆጥር ሣልኩት፤ ጥሩ ንድፍ አይደለም፣ ግን ቦታውን ይዟል።

አንድ ምዕራፍ ቀድሜ ዘልዬ አይቻለሁ፤ የሁለተኛውን ክፍል 62ኛ። ዶን ኪኾቴ ባርሴሎና ውስጥ ማተሚያ ቤት ገብቶ፣ ትርጉም ማንበብ የፍላንደርስን የግድግዳ ምንጣፍ በጀርባው እንደማየት ነው ይላል፤ ምስሎቹ ይታያሉ፣ ክሮቹ ግን ይጋርዷቸዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሻርል ኮይፔል የዶን ኪኾቴን ታሪክ ነድፎ፣ በፓሪሱ የጎብላን የሽመና ቤት በእውነተኛ የግድግዳ ምንጣፍ ተሠራ። ሴርቫንቴስ ቢያይ በየትኛው በኩል ቆሞ ይመለከተው ነበር?

አሁን የደረስኩት ክላቪሌኞ የተባለው የእንጨት ፈረስ ጋ ነው፤ ሁለተኛው ክፍል፣ ምዕራፍ 41። በእንግድነት የተቀበሏቸው አንድ መስፍንና ሚስቱ ሁለቱን ሰዎች ዓይናቸውን ሸፍነው በእንጨት ፈረስ ላይ ያስቀምጧቸዋል፤ በትልልቅ ወናፍ ነፋስ ይነፉባቸዋል፣ በእሳት ፊታቸውን ያሞቋቸዋል፤ እነሱም ሰማይ ላይ የሚበርሩ ይመስላቸዋል። ከአትክልት ስፍራው ግን ንቅንቅ አላሉም። የትኛውን ልሣል? በረራውን ብሥል ጽሑፉን እዋሻለሁ፤ ወናፉን ብሥል ሳንቾን ከመስፍኑ ጋር ሆኜ አላግጥበታለሁ። ለጊዜው የያዝኩት ሐሳብ ሳንቾ ከወረደ በኋላ የተናገረውን መሣል ነው። ዓይነ ርግቡን ጥቂት ገለጥ አድርጌ አየሁ፣ ከፈረሱም ወርጄ በሰማይ ካሉት ሰባት ፍየሎች ጋር ተጫወትኩ ይላል፤ ሁለቱ አረንጓዴ፣ ሁለቱ ቀይ፣ ሁለቱ ሰማያዊ፣ አንዲቱ ዝንጉርጉር። እስከ ዛሬ ከጥቁር ቀለም አልወጣሁም፤ ለእነዚህ ፍየሎች ግን ባለቀለም ቀለም መግዛት ሊኖርብኝ ነው። በወፍራም ወረቀት ላይ የማይዘረጋ፣ ከብዕር ጋር የሚስማማ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ የዝንጉርጉሯን ፍየል ንድፍ በእርሳስ ጨርሻለሁ።