ሊዶኬይን በቲቪቲ ሴል ላይ፣ በመጨረሻ ኮንትሮሌ ተረፈልኝ

ሰላም ናችሁ፣ ዛሬ በጣም ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው፣ ኮንትሮል ቱቦዬ (ለማወዳደሪያ መድኃኒት ያልጨመርኩበት) ውስጥ ያሉት ሴሎች አንድ ሰዓት ሙሉ በሕይወት ቆዩልኝ።

ለማታውቁኝ፣ ድሬዳዋ ውሻ አክማለሁ፣ የጎዳና ውሾቻችን ላይ ደግሞ ቲቪቲ ብዙ አያለሁ፤ በግንኙነት ጊዜ ሴሉ ራሱ ከውሻ ወደ ውሻ የሚሄድ ካንሰር ነው። ሕክምናው ያው በየሳምንቱ ቪንክሪስቲን የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ነው፣ እሱን አልነካሁም። ግን እንደ ሊዶኬይን ያለ የማደንዘዣ መድኃኒት ላብራቶሪ ውስጥ የካንሰር ሴል እንደሚገድል ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ፣ ስለዚህ ለምርመራ በመርፌ ከወሰድኩት ናሙና የተረፈውን ቱቦ ውስጥ መሞከር ጀመርኩ። ቆጠራው አላስቸገረኝም፣ ትሪፓን ብሉ የሚባለውን ቀለም ስትጨምሩበት የሞተው ሰማያዊ ይሆናል፣ ያልሞተው ቀለም አያስገባም፣ በቃ።

ያቃጠለኝ ኮንትሮሉ ነው። ሊዶኬይን ያልነካው ቱቦ ውስጥ ግማሹ ሴል ሰማያዊ! ታዲያ ሊዶኬይኑ ገደለ ብዬ በምን አፌ ላውራ? መጀመሪያ ሙቀቱ ነው አልኩ፣ የድሬን ከሰዓት ታውቁታላችሁ፣ ሥራውን ወደ ማለዳ አዞርኩት፣ ትንሽ ነው የተሻሻለው። ሦስት ሳምንት እንዲህ ስለፋ ከርሜ አንድ ቀን የገዛ እጄን ልብ አልኩት፤ የተጓጎለውን ለመበተን በዛችው ቀጭን መርፌ ደጋግሜ ስቤ በኃይል እገፋለሁ፣ ሴሉን የምቀደው እኔው ነበርኩ! አሁን አፉ ሰፊ በሆነ ፒፔት በቀስታ ነው የማገላብጠው። ደግሞ ባዶ ሳላይን (የጨው ውሃ) ትቼ ከራሱ ከውሻው ደም የወጣ ሴረም ጠብ አደርግበታለሁ፣ ልዩነቱ በዓይን ይታያል፣ ሴሎቹ ክብ ክብ ብለው ያበራሉ።

አንድ ልናዘዝ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ውሾች ላይ የተጠቀምኩት ጠርሙስ አድሬናሊን ያለበት ነበር፣ መለያውን ሳላነብ። ሴሉን የገደለው ሊዶኬይኑ ይሁን ሌላው ስለማይለይ ቆጠራቸውን በሙሉ ጣልኩት። እናንተም ኮንትሮል የሌለው ቁጥር አታምጡብኝ፣ አልቀበልም።

ሊዶኬይኑን የውሻው እባጭ ላይ ልውጋው ወይ ያላችሁኝ፣ ተዉት። 2% ሊዶኬይን በሚሊ ሊትር 20 ሚሊግራም ነው፣ በሚሊሞላር (የመድኃኒቱ ክምችት መለኪያ) ከ70 በላይ ማለት ነው። እኔ ቱቦ ውስጥ የምጠቀመው 15 ጊዜ አቅጥኜው 5 ሚሊሞላር አካባቢ ነው፣ ያም ሆኖ ደም ውስጥ ቢደርስ ውሻውን የሚያንቀጠቅጠውን መጠን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቱቦና ውሻ አንድ አይደሉም።

ቀጥሎ የምሞክረው ቡፒቫኬይን የሚባለውን ሌላ ማደንዘዣ ነው። የኒውባወር ቻምበር (የሴል መቁጠሪያ) መሸፈኛ መስታወት ትርፍ ያላችሁ ከዚራ አካባቢ ካላችሁ መጥቼ እወስዳለሁ፣ የኔ ጥጉ ተሰብሯል።