348 ደብተር፦ የአንድ ሴሚስተር የሥራ ጫና ማስታወሻዬ

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት 7ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ስድስት ክፍል ይዣለሁ፤ በአንዱ ክፍል በአማካይ 58 ተማሪ አለ፣ በሳምንት 24 ክፍለ ጊዜ። አምና መጨረሻ ላይ ተኝቼ የማይለቀኝ ድካም ያዘኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ይህን ዓይነቱን መዛል በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ችግር ብሎ መዝግቦታል፤ ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፦ አቅም ማጣት፣ ከሥራው በስሜት መራቅና ውጤታማ አይደለሁም ብሎ ማሰብ። እኔን ያስደነገጠኝ ሁለተኛው ነው። ልጆቹን በስማቸው መጥራት ትቼ «አንተ ከኋላ»፣ «አንቺ መስኮቱ ጋ» ማለት ጀምሬ ነበር።

ሳምንት 1። ምንም ሳልቀይር ጊዜዬ የት እንደሚገባ ብቻ በየግማሽ ሰዓቱ ጻፍኩ። ማስተማሩ 24 ጊዜ 40 ደቂቃ፣ 16 ሰዓት ነው። ለአንድ ደብተር 2 ደቂቃ ብቻ ብሰጥ እንኳ 348 ደብተር 11 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ይህ ሁሉ የሚሠራው እቤት፣ ልጄ ከተኛች በኋላ ነው። ዕቅዱ፣ ስብሰባው፣ ማጠናከሪያው ያማርረኝ ነበር፤ ሲደመሩ ግን የእርማቱን ግማሽ አይሞሉም።

ሳምንት 2። በዲፓርትመንታችን አንድ አንጋፋ መምህር አሉ። ደብተር በፌስታል ተሸክሜ ስወጣ አይተው «ልጄ፣ ለማን ነው የምታርሚው?» አሉኝ። ለተማሪዎቹ ነዋ፣ አልኳቸው። «እስቲ ነገ ስትመልሺላቸው ልብ ብለሽ እያቸው።» አየኋቸው። ውጤት ያያሉ፣ ከጎረቤት ያስተያያሉ፣ ይዘጋሉ። −7 + 3 = −10 ብላ የጻፈች ልጅ ቀዩን ኤክስ አየችና ገጹን ገለጠች፤ በቃ። ያን ኤክስ ያደረግሁት ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ነበር።

ሳምንት 3 እና 4። አሁን በክፍለ ጊዜው መጨረሻ 5 ደቂቃ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ በብጣሽ ወረቀት ይመልሳሉ። በቀን ከሁለት ክፍል በላይ አልሰበስብም። ማርክ አልሰጥም፤ በሦስት ክምር እለያቸዋለሁ፦ ያገኙት፣ አንድ ዓይነት ስህተት የሠሩት፣ የቀሩት። ለ58ቱ 12 ደቂቃ ገደማ ይበቃኛል፣ ያውም እዚያው መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብዬ። በማግስቱ ትምህርቱን በመሃለኛው ክምር እጀምራለሁ። ያቺን ልጅ «ከሱቅ በዱቤ የ7 ብር ዕቃ ወስደሽ 3 ብር ብትከፍይስ?» ስላት ሳታስብ «4 ብር ዕዳ ይቀርብኛላ» አለችኝ። ከዚያ ቀና ብላ ሰሌዳውን አየች። ይህን ደቂቃ ሙሉ ሌሊት ባርም አላገኘውም ነበር።

ደብተር ማረም ጨርሶ አልተውኩም። በሳምንት የሁለት ክፍል ብቻ አርማለሁ፣ በሦስት ሳምንት ስድስቱም ይዳረሳሉ።

ሳምንት 5። ቅሬታ መጣ። አንድ ወላጅ «የልጄ ደብተር ለምን አይታረምም?» ብለው መጡ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለወላጆች አስቀድሜ መንገር ነበረብኝ። ብጣሽ ወረቀቶቹን አውጥቼ የልጃቸውን ስህተትና ከሁለት ቀን በኋላ ያረመበትን ሳሳያቸው ተረዱኝ። ይህን ዘዴ የምትሞክሩ ካላችሁ ወረቀቶቹን አትጣሉ፣ በየክፍሉ በፖስታ አስቀምጧቸው።

ሳምንት 6 ላይ ስልኬን አስተካከልኩ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱን የቴሌግራም ግሩፕ አልከፍትም። አስቸኳይ ነገር ያለው ሰው ይደውላል።

ከሳምንት 7 ጀምሮ ደግሞ ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ባጃጅ አልይዝም። በጣና ዳር በእግሬ እሄዳለሁ፣ 25 ደቂቃ ይወስዳል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል፤ የደንገሉ ሽታ ቀድሞ ይደርሳል። አንዳንዴ እንጨት የጫነ ታንኳ ሲጠጋ ቆሜ አያለሁ፤ ቀዛፊው ሳይቸኩል፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ። ጊዜ ሲተርፈኝ እስከ አዲሱ የዓባይ ድልድይ እዘልቃለሁ። ግንቦት 2016 የተመረቀው ነው፣ 380 ሜትር፤ ለእግረኛ የሚበቃ መንገድ አለው። መጀመሪያ አካባቢ በሐሳቤ ነገ የማስተምረውን ስደረድር እሄድ ነበር። አሁን ውኃውን ማየት ችያለሁ።

ሳምንት 9፣ የፈተና ሰሞን፣ ሁሉም ነገር ተበላሸ። የአንድ ክፍል ኃላፊ ስለሆንኩ ሮስተር (የክፍሉን ተማሪዎች የሁሉንም ትምህርት ውጤት ማጠቃለያ) በእጅ መሥራት ነበረብኝ፤ የሌሎች መምህራን ማርክ ዘግይቶ ሲደርሰኝ ሦስት ሌሊት አመሸሁ፣ የእግር ጉዞውም ቀረ። በራሴ አላዘንኩም። ዘዴ የሚሸከመው ጫና አለ፣ የማይሸከመውም አለ፤ 58 ተማሪ በአንድ ክፍል መሆኑን የትኛውም የጊዜ አጠቃቀም አያስተካክለውም።

ሳምንት 12። እቤት የማርመው 4 ሰዓት ገደማ ደርሷል፣ እሑድ ደብተር አልነካም። የስድስቱንም ክፍል ተማሪዎች ስም ግን ገና አልጨረስኩም፤ 7ኛ «መ» ላይ ዘጠኝ ልጆች ይቀሩኛል። በሁለተኛው ሴሚስተር የምሞክረው ማርክን በዕለቱ ማርክ ሊስት ላይ ማስፈርና ሮስተሩን ከሌላ ክፍል ኃላፊ ጋር አብሮ መሥራት ነው፤ አንዷ ታነባለች፣ አንዷ ትጽፋለች። ከዚህ በፊት እንዲህ የሠራችሁ ካላችሁ እንዴት እንደሆነላችሁ ንገሩኝ።