ሳልቆጥር ያደልኩት ዘር

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ነበርኩ። ክረምቱ እንደወጣ የጓሮ አትክልት ሥራ ተሰጠኝ። አሥራ ሁለት ቤት ተመረጠ። እያንዳንዱ ቤት የራሱን የሽንኩርት ችግኝ በደጁ ያፈላል፤ ከገበያ መግዛት ይቀራል። ይኸው ነው።

መደብ የሚያወጣበት ቦታ ለሌለው ጀሪካን ይበቃዋል አልን። ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን ያስተኙና የላይኛውን ጎኑን ቆርጠው ያነሳሉ። ከሥሩ በጋለ ምስማር ይበሳሉ፤ ካልተበሳ ውሃው ይተኛና ሥሩን ያበሰብሰዋል። አፈሩ ሦስት እጅ የጓሮ አፈር፣ ሁለት እጅ የተብላላ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ። ዘሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ በመስመር ይዘራል፤ እስኪበቅል ላዩ ላይ ሣር ይጎዘጎዝበታል። ውሃ ማጠጫስ? የሃይላንድ ክዳን በመርፌ ተበሳስቶ። ይቺ የእኔ ሐሳብ ነበረች፤ እስከ ዛሬ እኮራባታለሁ።

ዘሩን ከመጋዘን አወጣሁት። ካለፈው ዓመት የተረፈ ነው። ቆርቆሮው ተከፍቶ አፉ በፌስታል ታስሯል። ጥቁር፣ ደረቅ፣ ሲያዩት የሚያምር ዘር። በወረቀት እየጠቀለልኩ ለሁሉም አደልኩ። ጥቅምት ሲገባ ተዘራ።

የሽንኩርት ዘር በሳምንት፣ በአሥር ቀን ብቅ ይላል። ብርድ ካለ ትንሽ ይዘገያል። በአሥራ አምስተኛው ቀን ቤት ለቤት ዞርኩ። ምንም የለም። እዚህ ሁለት፣ እዚያ ሦስት።

ሰበብ ግን በሽ ነበር። አንዱ ዶሮ ጫረው አለ። ሌላዋ ጉንዳን ወሰደው አለች። አንድ አባወራ ጥፋቱን በሚስቱ ላይ ደፈደፈው፦ «እጇ አይቀናትም እኮ!» እኔ ደግሞ ብርዱ ነው አልኩ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል፤ የጥቅምት ሌሊቱ ቀልድ አያውቅም። ስለዚህ ሰበቤ ያሳምናል። እኔንም አሳመነኝ።

በመጨረሻ አንዲት እናት ቤት ደረስኩ። «እንዴት ዋሉ እማማ?» አልኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ሁለት ጀሪካን ጎን ለጎን ተቀምጧል። አንዱ የእኛው ሽንኩርት ነው፤ ባዶ። ሌላውን በተረፈው አፈር ሞልተው፣ በጨርቅ ቋጥረው ያኖሩትን የሐበሻ ጎመን ዘር በትነውበታል። ጎመኑ ጢም ብሎ በቅሏል።

«አፈሩ ያው፣ ውሃው ያው፣ እጁም የእኔው» አሉኝ። «ብርዱ ሽንኩርት መርጦ ነው እንዴ የሚመታው? ዘሩን ከየት አመጣኸው ልጄ?»

መልስ አልነበረኝም። በክብሪት እንጨት አፈሩን ጫር ጫር አድርጌ አንድ ዘር አወጣሁ። በሁለት ጣቴ ጫን ሳደርገው ተጨፈለቀ፤ ውስጡ እንደ ቀጠነ ሊጥ ሆኖ ወጣ።

ማታውኑ ከቆርቆሮው ውስጥ መቶ ፍሬ ቆጠርኩ። በረጠበ የነጠላ ቁራጭ ላይ አሥር አሥር አድርጌ ደረደርኳቸው። ጠቅልዬ በፌስታል አድርጌ ሙቀት እንዲያገኝ አከራዬ ማድቤት መደርደሪያ ላይ አኖርኩት። እንዳይደርቅ በየቀኑ ውሃ ረጨት አደርግበታለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ፈታሁት። የበቀለው ዘጠኝ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ።

ከአትክልት ዘር ሁሉ ቶሎ ከሚሞቱት አንዱ የሽንኩርት ነው። ሙቀትና እርጥበት ካገኘውማ ዓመትም አይሞላ። የእኛው ደግሞ በቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ በጋውንም ክረምቱንም አሳልፏል። ይህን ኮሌጅ ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ መጥቶልኝ በትክክል መልሻለሁ። ምን ዋጋ አለው!

አለቃዬ ነገሩን ሲሰማ «ብርድ ነው በላቸው፤ ምን አስጨነቀህ?» አለኝ። እምቢ አልኩ። ጨዋ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። እማማ እንደሆኑ አውቀዋል፤ እሳቸው ካወቁ ደግሞ ቀበሌው አውቋል።

አሥራ ሁለቱንም ቤት ዞሬ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የሞተ ዘር ነው የሰጠኋችሁ» አልኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ብዙዎቹ ዝም ብለው ሰሙኝ። ያ ሚስቱን የወቀሰው ሰውዬ ብቻ ራሱን ያዘ። «እንግዲያ ይቺን ሴትዮ ይቅርታ ልጠይቅ ነው በለኛ!» ሚስቱ ከውስጥ ሆና ትስቃለች።

አዲስ ዘር ከከተማ ተገዛ። ከማደሌ በፊት እንደገና መቶ ቆጥሬ በጨርቅ ጠቀለልኩ። ሰማንያ ስድስት በቀለ። ግማሹ ብቻ ቢበቅል ኖሮ እጥፍ አድርጉና ዝሩ እላቸው ነበር፤ ዘጠኝ ከመቶ ግን እጥፍም አያድነው። ይህን ሁሉ ሳደርግ ጊዜው ሄደ። በኅዳር መጨረሻ ሊተከል የነበረው ወደ ጥር ተገፋ። ሁለት ቤት መጠበቅ ሰልችቷቸው ከገበያ ችግኝ ገዙ። አልፈርድባቸውም።

የቀሩት ዘሩ። ብቅ ሲል ያየሁትን አልረሳውም። ሽንኩርት ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ታጥፎ፣ እንደ መርፌ ቀዳዳ ሆኖ ነው። ቆይቶ ይቃናና ያንን ጥቁር የዘሩን ቅርፊት እንደ ቆብ ጫፉ ላይ ደፍቶ ይቆማል።

እማማ ከዚያ ወዲህ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። አንድ ቀን ገና በሩቅ ሲያዩኝ «ቆጣሪው መጣ!» ብለው ጮኹ። የጎረቤታቸው ልጅ መብራት ቆጣሪ ሊያነቡ የመጡ መስሎት ደረሰኙን ይዞ እየሮጠ ወጣ።