ፓኬጁስ አለ፤ ማን ጋ ነው ያለው?

አምስተኛ ሳምንቴ ነው። ለአዲስ አንባቢ ባጭሩ፦ አባቴ አጋሮ ላይ ቡና ያደርቃል። በየቀኑ የገባለትን እሸት ቡናና ለገበሬው የሰጠውን ቅድሚያ ክፍያ የመዘገበባቸውን 3 ደብተሮች እዚህ ጅማ ማታ ማታ ወደ ላፕቶፔ እያስገባሁ ነው። ቀኑ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ጳጉሜም ሳትቀር።

ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሚለውጠውን ኮድ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጻፍኩት። ግራፍ መሥራት የለመድኩት ደግሞ አር በሚባለው ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ስለዚህ ከአር ሆኜ ፓይተንን ለመጥራት ሬቲኩሌት የተባለውን የአር ፓኬጅ (ቋንቋው ላይ የሚጨመር ዝግጁ ኮድ) ያዝኩ። ስሙ ሬቲኩሌትድ ፓይተን ከሚባለው ዘንዶ ነው የመጣው፤ የሚያስቀው ግን ፓይተን ቋንቋው ራሱ የተሰየመው በእባብ ሳይሆን ሞንቲ ፓይተን በተባሉ የእንግሊዝ ኮሜዲያኖች ነው። ጅማ ያደገ ሰው ገበያ ወጥቶ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀምሮ በአማርኛ ዋጋ ይከራከራል፤ ሁለት ቋንቋ ማቀላቀል ያስቸግረኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

አስቸገረኝ። ሠንጠረዥ የሚያስተናግደውን የፓይተን ፓኬጅ፣ ፓንዳስን፣ ከአር ኢምፖርት ሳደርግ (ልጠቀምበት ስጠራው) «እንዲህ የሚባል ሞጁል (የሚጠራ ኮድ) የለም» ይለኛል። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍቼ የፓይተን ፓኬጅ በሚጭነው በፒፕ ስጭነው ደግሞ «ቀድሞውኑ ተጭኗል» ይላል። ሁለት ማታ በዚህ አለፈ፤ በሁለተኛው ላይ መብራትም ሄደ። በነጋታው ሻይ እየጠጣን ለጓደኛዬ ሳማርርለት፣ «አንተ፣ ፒፑ የማንኛው ፓይተን ነው?» አለኝ። ጥያቄው መልስ ነበር።

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ዕቃ ሲላክላችሁ «ጅማ ደርሷል» መባሉ ብቻውን ምን ይጠቅማል? መናኸሪያ ሄዳችሁ በየትኛው መኪና እንደመጣ፣ ማን ጋ እንደተቀመጠ ካላወቃችሁ ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ። ላፕቶፔ ላይ 3 ፓይተን ነበር፦ ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ከኡቡንቱ ጋር የመጣው፣ ፓይተንን ከነፓኬጆቹ በሚጭነው በአናኮንዳ የጫንኩት፣ ሬቲኩሌት በአንድ ወቅት «ላዘጋጅልህ?» ሲለኝ ሳላነብ እሺ ያልኩት። እያንዳንዱ የራሱ የፓኬጅ ፎልደር አለው። ፒፕ የኡቡንቱው ውስጥ ያስቀምጣል፣ አር ሦስተኛው ጋ ሄዶ ይፈልጋል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ሬቲኩሌት የትኛውን እንደያዘ ለማየት ፓይ ኮንፊግ የሚባል ተግባር አለው፤ የፓይተኑን ሙሉ አድራሻ ያወጣል። ኤረር ሲመጣ አሁን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ከዚያ ለዚህ ሥራ ብቻ አንድ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (የራሱ ፓይተንና ፓኬጅ ያለው የተለየ ፎልደር) ፈጠርኩና ፓኬጆቹን የዚያን ፓይተን ስም ጠርቼ በሱው ፒፕ ጫንኳቸው። ደፈናውን «ፒፕ» ብሎ መጻፍ ትቻለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ፣ እኔን ግማሽ ቀን በልቶኛል። አር አንዴ ፓይተን ካስነሳ በዚያው ሴሽን፣ ማለትም እስኪዘጋ ድረስ፣ ሌላ ፓይተን አይቀበልም። «ይህን ኢንቫይሮመንት ተጠቀም» የሚለውን መስመር ከኢምፖርቱ በታች ጽፌው ስለነበር፣ ሲደርስ አር ከሌላው ጋር ተጋብቶ ጨርሷል። መስመሩ ከሁሉም በላይ ይሁን፤ ከረፈደ ደግሞ አርን ዘግቶ እንደገና መክፈት ነው። አዲሶቹ የሬቲኩሌት ቅጂዎች የሚያስፈልጋችሁን ፓኬጅ ስትነግሯቸው ጊዜያዊ ኢንቫይሮመንት ራሳቸው ያዘጋጃሉ። ጥሩ ነው፤ ግን የሌለውን ከኢንተርኔት ያወርዳል፣ እኔ ደግሞ የምጠቀመው በሞባይል ዳታ ነው።

ሌላው የስም ነገር ነው። ስትጭኑት ስሙ ሳይኪት ለርን የሆነው የፓይተን ፓኬጅ፣ ኢምፖርት ስታደርጉት ኤስኬለርን ነው። ፒሎው የሚባለው ፓኬጅም ሲጠራ ፒል ይሆናል። የክርስትና ስምና የመጠሪያ ስም እንደማለት ነው፤ በአንዱ የሚያውቀው ሰው በሌላው ብትጠሩት ዞር አይልም።

በጣም ያሳፈረኝን ልንገራችሁ። የቀን መለወጫ ፋይሌን «ካሌንደር» ብዬው ነበር። ፋይሉን ለሙከራ ከተርሚናል ሳስኬደው ከጽሑፍ ላይ ቀን የሚያነበው የፓይተን ተግባር ፈነዳ። ለካ ያ ተግባር ውስጥ ውስጡን የፓይተንን መደበኛ ካሌንደር ሞጁል ይጠራል። ፓይተን ደግሞ ሞጁል ሲፈልግ የሚያስኬደው ፋይል ያለበትን ፎልደር ያስቀድማል፣ እናም የኔን አገኘ። የኔው ውስጥ የሳምንቱ ቀናት የእንግሊዝኛ ምህጻረ ስም ከየት ይምጣ! ስሙን «ዘመን» አልኩት፣ ዳነ።

ኢምፖርቱ ካለፈ በኋላም ጳጉሜ አስቸገረችኝ። የወሩን ቁጥር አር ላይ 13 ብዬ ስሰድ ፓይተን ዘንድ 13.0 ሆኖ ይደርሳል፣ ወራቱ ያሉበት የፓይተን ዝርዝር ደግሞ ነጥብ ያለው ቁጥር ለተራ አይቀበልም። አር ላይ ከቁጥሩ ኋላ ኤል የምትለውን ፊደል መለጠፍ ነው። ለጥፌም ዝርዝሩ ከ0 ስለሚጀምር 13ኛው ወር ያለው 12 ላይ ነው፤ መጀመሪያ ስሞክር ጳጉሜ ከነጭራሹ የለችም አለኝ።

አሁን የመጀመሪያው ደብተር ግራፍ ወጥቷል። ሁለተኛውን ከመጀመሬ በፊት የተጫኑትን ፓኬጆች ከነቅጂ ቁጥራቸው አንድ ፋይል ላይ እመዘግባለሁ፤ ወንድሜ አጋሮ ባለው ኮምፒውተሩ ሊሞክረው ነው፣ የሱ ላይ ስንት ፓይተን እንዳለ ገና አልጠየቅኩትም።