ጣሳው የት ነው የሚቀመጠው?

ነሐሴ ነው። የክረምቱ ጎርፍ ከየሽንት ቤቱ ጉድጓድ ያገኘውን እየጠረገ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ የሚያወርድበት ወር። በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ ተጀምሮ ከክልል ወደ ክልል የተዛመተው የኮሌራ ወረርሽኝም መነሻው ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነበር። በዚህ ወር ስለ ኮሌራ ሳላስብ አልውልም፤ ከበሽታው እኩል የሚያሳስበኝ ደግሞ ስለ በሽታው የምንናገርበት መንገድ ነው።

“እጃችሁን ታጠቡ፣ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ በሽንት ቤት ተጠቀሙ።” ይህን ያልሰማ ሰው የለም ማለት ይቻላል። መኪና ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ሲጀምረው ልጆች ተቀብለው ይጨርሱታል። ወረርሽኙ ግን አይቆምም። ምክንያቱ የሕዝቡ አለማወቅ ነው የሚለውን አልቀበልም። መልእክቱ ደጃፍ ላይ እየቀረ ነው፤ ገብቶ ጣሳው ላይ አይደርስም።

የጣሳው ነገር እንዲህ ነው። ከቦኖ ንጹሕ ውሃ ይቀዳል። ቤት ሲደርስ አፈ ሰፊ ባልዲ ወይም በርሜል ውስጥ ይገለበጣል። ጣሳው ክዳኑ ላይ፣ አንዳንዴም መሬት ላይ ይቀመጣል። ከሽንት ቤት የተመለሰ ልጅ ጣሳውን አንስቶ ሲጨልፍ ጣቶቹ ውሃው ውስጥ ይገባሉ። ልጁን ምንም አላመመውም። ነገር ግን የኮሌራ ባክቴሪያ ከገባባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ምልክት አይታይባቸውም፣ ወይም ቀለል ያለ ተቅማጥ ብቻ ነው የሚይዛቸው፤ በሰገራቸው ግን ከ1 እስከ 10 ቀን ባክቴሪያውን ያወጣሉ። ከዚያ በርሜል የጠጣ ሰው ከጥቂት ሰዓት እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሊታመም ይችላል። ስለዚህ የመጠጥ ውሃ አፈ ጠባብ፣ ክዳን ያለው ጀሪካን ውስጥ ይቀመጥ፤ ዘንበል እያደረጉ ይቅዱት እንጂ አይጨልፉት። ያለው በርሜል ብቻ ከሆነ እጀታው ረጅም የሆነ ጭልፋ ይለይለትና ግድግዳ ላይ በምስማር ይሰቀል። አይጠጣበት፣ ለሌላ ሥራም አይዋል። የጀሪካኑ ውስጥ አረንጓዴ ሲያበጅ ጥቂት ጠጠርና ሳሙና ከውሃ ጋር ጨምሮ አጥብቆ መናጥ ያስለቅቀዋል።

ስለ ማከሚያው። ውሃ አጋር የሚባለው የክሎሪን ፈሳሽ ለ20 ሊትር የጠራ ውሃ በጠርሙሱ ክዳን 1 ነው። አኳታብ የሚባለው የክሎሪን እንክብል ባለ 67 ሚሊግራሙ 1 ፍሬ ለ20 ሊትር ይበቃል። ከተነቀነቀ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሸው በደፈረሰ ውሃ ላይ ነው፤ ጭቃው ራሱ ክሎሪኑን ይበላዋልና ለባክቴሪያው የሚተርፍ አይኖርም። እንዲህ ያለው ውሃ መጀመሪያ ይረጋ፣ በ4 በታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ ይጠለል፣ የማከሚያው መጠንም እጥፍ ይሁን። በሌላ በኩል “ይበልጥ ይግደል” ብሎ ማብዛትም ጉዳት አለው። ሽታው ይከረፋል፣ ልጆች እንቢ ይላሉ፣ ተመልሰው ከወንዝ ይጠጣሉ። ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ ክሎሪኑ ገና ውሃው ውስጥ እንዳለ ይነግረናል። ይህን አስቀድሞ ለሰው መንገር ያስፈልጋል። “መርዝ ጨመሩበት”፣ “ሊያመክኑን ነው” የሚለው ወሬ የሚበቅለው አንድ ሰው ምንም ሳያስረዳ ምንጭ ላይ ነጭ ነገር ጨምሮ ሲሄድ ነው።

ማፍላት ጥሩ ነው። ከ2000 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ውሃ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ስለሚፈላ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ግን ከሰሉንም እናስብ። ማገዶ ለወጥ እንኳ ለማይበቃት እናት “አፍልታችሁ ጠጡ” ማለት ምክር አይሆናትም፤ ለእሷ የማከሚያው ጠርሙስ ይቀላታል።

ቡናችንም እንዲሁ ነው። ጀበናው ይፈላል፤ ስኒው ግን በአንዲት ሳህን ውሃ ይለቀለቃል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ውሃው ደፍርሷል፣ የስንቱ ሰው ከንፈርና ጣት ነክቶታል። በወረርሽኝ ጊዜ ስኒው በሳሙና ታጥቦ በላዩ በሚፈስ የታከመ ውሃ ይለቅለቅ። ከማንቆርቆሪያ እያፈሰሱ እጅ ማስታጠብ ግን ከአያቶቻችን የተረፈ ትልቅ ጸጋ ነው፤ የሚፈስ ውሃ ነውና። የሚጎድለው ሳሙናው ነው፤ ደግሞም የምንታጠበው የቀኝ እጃችንን የጣት ጫፍ ብቻ ነው። ሁለቱም እጅ፣ በጣቶች መካከል፣ ከጥፍር ሥር፣ ቢያንስ 20 ሴኮንድ መታሸት አለባቸው። ሳሙና ከሌለ አመድ ይሠራል። ሁሉም በሚጠራረግበት ፎጣ ከማድረቅ ነፋስ ቢያደርቀው ይሻላል።

በጣም የሚያስቆጨኝ የኦ.አር.ኤስ፣ ማለትም በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው የጨውና የስኳር ዱቄት ነገር ነው። ኮሌራ ካልታከመ ከጽኑ ሕሙማኑ እስከ ግማሽ የሚደርሱትን ይገድላል፤ በጊዜው ከታከመ ከ100 ሰው 1 እንኳ አይሞትም። የሚገድለው የውሃና የጨው ማለቅ ነው። 1 ከረጢት ለ1 ሊትር ነው። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቤት ውስጥ የሊትር መለኪያ የለም። ከረጢቱ በ1 ብርጭቆ ይበጠበጥና ጨው ይበዛበታል፣ ሕመምተኛው ይተፋዋል፤ ሕፃን ከሆነ ሰውነቱን ይጎዳዋል። ወይም “ለነገ ይተርፋል” ተብሎ ግማሹ ብቻ ይበጠበጣል። እንዲህ ብሎ ማስተማር ይቻላል፦ 2 ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ፣ ወይም 3 የቢራ ጠርሙስ ውሃ። ይህ የትም ቤት ይገኛል። የተበጠበጠው አይፈላም፣ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ሕመምተኛውን ባስቀመጠው ቁጥር ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከ2 እስከ 10 ዓመት ላለ ከ100 እስከ 200፣ ከዚያ በላይ ላለ የቻለውን ያህል። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል። ከረጢት ከጠፋ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። “ውሃ ከሰጠነው ተቅማጡ ይብስበታል” የሚለው አባባል ሰው ይፈጃል። ጡትም አይቋረጥ።

ሰገራው ሩዝ የታጠበበት ውሃ ከመሰለ፣ ዓይን ከጎደጎደ፣ ቆዳ ሲቆነጠጥ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ሽንት ከቀረ ቤት መቆየት የለም። ወደ ጤና ጣቢያ እየሄዱ መንገድ ላይም ማጠጣት ነው።

ስሙንም እንጥራው። በ2008 ዓ.ም. “አተት” ሲባል ከርሟል፤ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) የምልክት ስም ነው። ኮሌራ ሲባል ሰው ይደነግጣል ተብሎ ይፈራል። እኔ ግን በስሙ ያልተጠራ በሽታ እንደ ተራ ተቅማጥ ይቆጠራል ባይ ነኝ።

የጸበል ቦታም ሳይነሳ አይታለፍም። በምዕራብ ጎንደር ቋራ ወረዳ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል በ2015 ዓ.ም. ኮሌራ የገባው ብዙ ሕዝብ ባለበት፣ ሽንት ቤትና የመጠጥ ውሃ በማይመጣጠንበት ሁኔታ ነው። እዚያ ሄዶ ጸበሉን መንቀፍ ጆሮ መዝጋት ነው። ካህኑ ራሳቸው “እያንዳንዱ በራሱ ዕቃ ይጠጣ፣ ሜዳ ላይ አትቀመጡ” ካሉ ግን ሰው ይሰማል። ሽንት ቤቱ ከምንጩ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ በቁልቁለቱ በኩል ይቆፈር።

በመጨረሻ ለቅሶ። በኮሌራ የሞተ ሰው አስከሬን ብዙ ባክቴሪያ ያለበት ፈሳሽ ይወጣዋል፤ ስለዚህ የሚያጥበውና የሚገንዘው ጓንት ያደረገ፣ የሠለጠነ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ባለ 5 በመቶ በረኪና ካለ 2 እጅ በረኪና በ3 እጅ ውሃ ለአስከሬኑና ለትውከቱ፣ 400 ሚሊ ሊትር ተለክቶ በውሃ 10 ሊትር ሲሞላ ለወለል፣ 100 ሚሊ ሊትር በዚያው ልክ ለእጅ። ፀሐይ ላይ የከረመ በረኪና ኃይሉን ያጣልና በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ፤ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፣ ጋዙ ሳንባ ያቃጥላል። አስከሬን የነካ ሰው ለለቀስተኛው ምግብ አያቅርብ። እድሮች ይህን ጉዳይ ገና ሰው ሳይሞት፣ በወርሃዊው ስብሰባ ላይ ቢወስኑት፦ ገናዡ ሌላ፣ ንፍሮ ቀቃዩ ሌላ፣ ድንኳኑ በር ላይም ሳሙናና ቧንቧ ያለው ጀሪካን።